ሳይጠየቁ የሚያስረዱት መምህር ደረሳ

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በጃንሆይ ጊዜ ለነቀምቴ የደረሷት የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ ክቡር መምህር ደረሳ ነበሩ፤ እግዜር ይባስ ብሎ የማዘንጊያ የአጥር ጎረቤት አደረጋቸው። ማዘንጊያ ከጎጃም መጥታ ባሏን እዚሁ የቀበረች፣ የስኳር በሽታ የያዛት ሴት ናት። በዚህ ላይ ደረሳ!

«ነገሩ ቀላል ነው፣ አዴ ማዘንጊያ» ይላሉ፤ ቀላል ሆኖ ግን አያውቅም። ዝናብ ሲዘንብ ያስረዳሉ። ላሟ ስትነጥፍባት ያስረዳሉ። አንዴ ለቅሶ ቤት ልብ እንዴት እንደሚቆም አስረድተው አልቃሾቹን ዝም አሰኝተዋል።

የስቅለት ጠዋት መርፌዋን ቀቅላ ስትወጋ በአጥሩ አዩዋት።

«ምግብ ሳይቀምሱ?»

«መርፌ ጾም አይፈታም። ሐኪሙም እንዳታቋርጪ ብሎኛል።»

«ኢንሱሊን እኮ መልእክተኛ ነው! ሴሉ ተቀባይ ካለው ይሰማዋል፤ መልሱ ግን እንደየሥራው ነው። ጡንቻ ሲሰማው በሩን ከፍቶ ስኳሩን ከደም ያስገባል፤ ጉበት ሲሰማው ጎተራውን ይዘጋል። ካልበሉ ደምዎ ባዶ ሊቀር...»

«ወይ ጣጣዬ! የሚሲዮን ሰው ስለሆኑ ጾሜን ሊያስፈቱኝ ነው?» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። የዘንድሮውን ጾም የያዘችው ለባሏ ነፍስ ነው፤ ዛሬ ከፈታችው ሁሉም ከንቱ ይሆንባታል።

ስግደቱ መሐል ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ልቧ ይደልቅ ጀመር። ሴቶቹ «ተዉአት፣ ሰይጣን እየለቀቃት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አታውቅም።

ስትነቃ አፏ ጣፍጧል። ራሷ የሰው ጉልበት ላይ ነው፤ ድምፁንም ታውቀዋለች።

«...ስኳሩ ሲያንስ ሌላ መልእክተኛ ይነሣል። ልብ ሲሰማው ይደልቃል፣ ቆዳ ሲሰማው ያልበዋል፤ ነገሩ ቀላል ነው...»

ደረሳ «የሚሲዮን ሰው እንዴት ቅጥር ገባ!» ብለው ለሚጮኹት ሴቶች እያስረዱ ነው። በስቅለት! በቤተ ክርስቲያን ግቢ!

«ጾሜን ፈቱብኝ» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «ባሌን ምን እለዋለሁ?»

«ከጠዋት ጀምረው እኮ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው የቅጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር» አለች አንዷ። «እሳቸውም እህል አልቀመሱም።»

ማዘንጊያ ቀና ብላ አየቻቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም፤ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ይቅር አላለቻቸውም፤ ኋላም አላለችም። ዝምታቸው ግን ለሞት ከመቅረቧ ይልቅ አስፈራት።

«በሉ እንጂ ኦቦ ደረሳ» አለች። «ያስረዱኝ።»