ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ዕለት

መረጋጋት የሚሉት ቃል ለማን እንደሚነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለደላው ሰው ሲነገር እኔ አልሰማሁም። ሐኪሙ «ተረጋጊ» የሚለው መርፌውን ከኋላው ደብቆ ነው። ባል «ረጋ በይ እንጂ» የሚለው ሚስቱ እውነቱን ስትደርስበት ነው። ራዲዮ «አገሩ ተረጋግቷል» ያለ ቀን ደግሞ እኔ ከገበያ ቶሎ እመለሳለሁ። ብዙ አገር ዞሬ፣ ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ ቃሉን በየቋንቋው አግኝቼዋለሁ። በሁሉም ዘንድ ተናጋሪው የተመቸው፣ ሰሚው የቆረቆረው ነው።

ትርጉሙን የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ሱሉልታ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶ ከብቱ እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት ክረምት። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት እንድገባ ተፈቅዶልኝ፣ ሻንጣዬን አልጋ ሥር ሸጉጬ መስከረምን እጠብቅ ነበር። ከመስከረም በፊት ሽማግሌ መጣ።

ሽማግሌ የላከው የወረዳው ጸሐፊ ነበር። መልኩን ያነሳ ሰው የለም፤ ጠባዩንም እንዲሁ። የሚወራለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የተረጋጋ ሰው ነው።» ሐሰት አይደለም። የጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ሌሎቹ ሲሸሹ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጽፍ ነበር ይባላል። አባቴ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?» አለ። እኔ ዕድሜ ልኬን እዚያ ጃንጥላ ሥር ተኮራምቼ ስኖር ታየኝ።

የሽማግሌን ወግ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። መቆሙ ራሱ ልመና ነው። ከተቀመጠ ወይ ልጅቱ ተሰጥታለች፣ ወይ ጉዳዩን ትቶታል።

ሦስት ሆነው ገቡ። መሪያቸው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ አንደበታቸው ማር፣ ጉልበታቸው ሸንበቆ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ገመቹ በትራቸውን ተደግፈው። «ልጅቱ ከተማ ለከተማ ከምትንከራተት ትርጋ። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል።»

እናቴ ጥግ ተቀምጣ የመናጫውን ቅል ትገፋ ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። «የረጋውንማ ይኸው እየናጥኩት ነው፣ ኦቦ ገመቹ። ዝም ብሎ ረግቶ ቅቤ የወጣው ወተት ካለ ያሳዩኝና እኔም ክንዴን ላሳርፍ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ!»

«የኔ ምላስ ይቅርና አባትየው ይምከርበት። እስኪመለስ ተረጋጉ።»

አባቴ ሊመክር ወደ ጓሮ ወጣ። ከማን ጋር እንደሚመክር እንጃ፤ ጓሮ ያሉት ላሞቹ ብቻ ናቸው። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝና መደቡ ላይ ወፍራሙን አጎዛ አስነጠፈችኝ፤ ልክ ከኦቦ ገመቹ ጉልበት ሥር። ከዚያ ወደ ቅሏ ተመለሰች። ቦጭ፣ ቦጭ፣ ቦጭ። ላሞቹ ምክር አበዙ መሰለኝ አባቴ ቆየ። መረጋጋትን ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች ዝንብ እንደነደፈው በቅሎ እግር ማፈራረቅ ጀመሩ። አንዱ ግድግዳ ተደገፈ። ኦቦ ገመቹ አጎዛውን አዩት፤ ጣሪያውን አዩት፤ እንደገና አጎዛውን አዩት።

ተቀመጡ። መሪ ከተቀመጠ ተከታይ ምን ይሆናል? ሁለቱም ተቀመጡ።

አባቴ ሲገባ እናቴ ቀደመችው። «እሰይ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡልን! እሺ ሳንላችሁ ከተቀመጣችሁማ ጉዳዩን ትታችሁታል።»

«ኧረ ጉልበቴ ነው እንጂ እኔ መች...»

«ጉልበትዎም ሽማግሌ ነው፣ ኦቦ ገመቹ። ቃሉ ይከበራል።»

አባቴ ሽማግሌ መድፈር አይችልም፤ ወግ መድፈር ደግሞ ጭራሽ አይሆንለትም። ጠላ ቅጂላቸው አለኝ። ዋንጫውን እስከ አፉ ሞልቼ ቀዳሁ።

የተረጋጋው ጸሐፊ መስቀል ሳይደርስ ጫንጮ ሄዶ አገባ። ለዚያኛው ጉልበታቸው ደህና የሆኑ ሽማግሌዎች መርጦ ላከ አሉ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ይኸው እንደወጣሁ ነኝ።

እናቴ ግን ከዚያች ጥግ ሳትነሳ፣ ቅሏን እየገፋች ኖራ ሞተች። ለቀስተኛው ሁሉ «እንዴት ያለች የተረጋጋች ሴት ነበረች!» እያለ አለቀሰላት ብለው ነገሩኝ። ለቀብሯ አልደረስኩም። ብደርስ ኖሮ አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር።

ክንዷን አይታችሁታል?