ለመሆኑ በልተሃል?

ሰው ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ መርዶ ነጋሪ አይጠፋም። እኛ በስደት የምንኖርበት የዮቪል ሰፈር መርዶ ነጋሪ ክቡር ጋሽ ፋንታሁን ነበሩ። ብርድ ልብስና የስልክ ካርድ ይሸጡ ነበር፤ ዋና ሥራቸው ግን የሞት ወሬ ለባለቤቱ ማድረስ ነው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም።

ሕጋቸው አንድ ነው፦ ያልበላ ሰው መርዶ አይሰማም። ስለዚህ በር ያንኳኩና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ በልተሃል?» ይላሉ። በእሳቸው የተነሳ በሰፈራችን «ምሳ በላህ?» ማለት እንደ ሟርት ይቆጠር ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ስንዱ አንዴ ገና ከመንገድ ማዶ ስታያቸው፣ «በልቻለሁ! ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። የመጡት መቀስ ሊዋሱ ነበር።

ኮሮና ሲገባ ሥራ በዛባቸው። ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ከደጅ ራቅ ብለው ቆመው ያንኑ ጥያቄ ይጮኻሉ። መርዶ በጩኸት! ያፍሩበት ነበር።

ያን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ፊቤ ከሱቃቸው ጓዳ ሆና በኢንተርኔት የማርኬቲንግ ልምምድ ትሠራ ነበር። ድርጅቱ ሰሜን ኬፕ በሚባለው የአገሩ ሩቅ ክፍለ ግዛት ሳን የተባለውን ነባር ሕዝብ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚያስተምር በጎ አድራጎት ነው፤ እሷ ለፌስቡክ ገጹ ትጽፋለች። ልምምዱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ቋሚ ቅጥርም ተስፋ ተሰጥቷታል። ጋሽ ፋንታሁን ግን «ሰው ዘንድ ሳይሄዱ የሚሠራ ምን ሥራ ነው?» ይሏታል።

አንድ ቀን አለቃዋ በስክሪኑ ብቅ አለች። ቋንቋውን የሚያስተምሩት አረጋዊት በኮሮና አርፈዋል፤ ፎቶግራፋቸው አሁኑኑ ይለጠፍ፤ ለጋሾች እጃቸውን የሚዘረጉት ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ነው፣ አለች።

ጋሽ ፋንታሁን በመደርደሪያው በኩል አንገታቸውን አስገቡ።

«ልጆቻቸው ሰምተዋል?»

ፊቤ ተረጎመች። አንድ ልጅ አላቸው፣ ማዕድን ማውጫ ይሠራል፣ ስልኩ አይነሳም፣ አለች አለቃዋ።

«ታዲያ ከፌስቡክ ይስማ? ሳይበላ?»

ይህን ፊቤ አልተረጎመችም። «ልጁ ሳይሰማ አልለጥፍም» ብቻ አለች።

ሌላ ተለማማጅ ለጠፈችው። የፊቤ ቅጥር ቀረ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ» አሏት።

«አይደለም፣ ጋሼ። እኔም ልቤ አልፈቀደም ነበር።»

በተከታዩ ክረምት በሽታው እሳቸውንም ሆስፒታል አስገባቸው። ጠያቂ አይገባም ተባለ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ፊቤ ደወለችልኝ። በቴሌግራም ልትጽፍልኝ ትችል ነበር፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለመሆኑ በልተሃል?»

በዚህች ጥያቄ ስንት ጊዜ ስቄአለሁ! ምሳዬን በልቼ፣ ሳህኑንም አጥቤ ነበር።

«አልበላሁም» አልኳት።

«እሺ፣ ብላ። እጠብቅሃለሁ።»

ስልኩን አልዘጋችም።