የጋሼ አጽም ብቸኛ ስህተት

በዓለም ላይ ላለ ቤተ ሙከራ ሁሉ አንድ ሁሉን አዋቂ ሰው ተመድቦለታል። ለእኛ የደረሱን ክቡር ጋሼ አጽም ናቸው። የባሕር ጃርት የምትባለው እሾሃማ የባሕር እንስሳ እጭ አጽሟን እንዴት እንደምታበጅ ሲመለከቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። እሳቸውን አልሰለቻቸውም፤ የሰለቸውስ እኛን ነው።

ሁልጊዜ የሚጀምሩት «እኔ ልንገርሽ» ብለው ነው። የጥርስ ሐኪማቸው አፋቸውን አስከፍቶ ሳለ እንኳ ማስረዳታቸውን አላቆሙም ይባላል። በልጃቸው ሠርግ ተናገሩ ሲባሉ፣ ጥቂት ሕዋሳት ከጃርቷ ፅንስ ግድግዳ ወደ ውስጥ እንደሚገቡ፣ ተያይዘው ክብ እንደሚሠሩ፣ በግራና በቀኝ ባለ ሦስት ጫፍ የኖራ ፍንጣሪ እንደሚያኖሩ፣ ፍንጣሪውም አድጎ የእጭዋን ክንዶች ደግፎ እንደሚያቆም አብራሩ። ሙሽራዋ አለቀሰች። ከደስታ ነው ብለን ተውነው።

ተሳስተው አያውቁም። ሚዛን ይሳሳታል፣ የግድግዳው ሰዓት ይሳሳታል፤ «እኔ ግን ፈትሼ ነው የምናገረው» ይላሉ።

የመመረቂያ ጥናቴን ላቀርብ አምስት ቀን ሲቀረኝ እጮቼን እንዳይበሰብሱ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ጨመርኩ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ያስረዱኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ «እሺ ጋሼ» እላለሁ። የፈሳሹን አሲድነት መለካት ረሳሁ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳይ አሲዱ ኖራውን አሟሙቶት እጮቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሰዋል። ጥናቴ ስለ አጽም ነው፤ አጽም ግን የለም። የዓመት ልፋቴን መደምደሚያ ውሃ በላው።

ተግሣጹን ጠበቅኩ። ጋሼ አጎንብሰው አዩና ጋዋናቸውን ለበሱ።

«አራት ቀን አለሽ» አሉ። «ለአዲስ እጮች ሦስት ይበቃቸዋል። የጃርት እንቁላል አምጪ።»

ሦስት ቀን አብረን ውሃ ስንቀይር ሰነበትን። እጮቹ ክንዳቸውን ዘረጉ። ፈሳሹን እኔ ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ እሳቸው እኔን ሳያምኑ ደገሙት።

ጥናቴን ባቀረብኩበት ዕለት አንዱ ፈታኝ የሙከራ መዝገቤን ገለበጠና «የመጀመሪያዎቹ እጮች ምን ሆኑ?» አለኝ። ከኋላ ወንበር ጋሼ ተነሡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ሃያ ስድስት ዓመት ከእሳቸው አፍ ያልተሰማ ቃል ነበር።

ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ኮሪደር ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ለምን ይዋሻሉ?»

«ማን ዋሸ?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ሳትለኪ ስትጨምሪ አይቼሻለሁ። ግን ሁለተኛው ክንድ ላይ ደርሼ ነበር፤ ወሬዬን ማቋረጥ አቃተኝ።»

እንደዚያች ቀን ወድጃቸው አላውቅም። «እሺ፣ ሁለተኛው ክንድስ እንዴት ይወጣል?» አልኳቸውና አውቶቡሴ እንዲያልፈኝ ተውኩት።