ሴት የነዳችው ባል

እሁድ ረፋድ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና በሕልሜ ጉድ አየሁ። መኪና መሸጫው ሜዳ ላይ ተሰልፈን ቆመናል፤ እኔ፣ ባለቤቴ ውድነሽና ሁለቱ ልጆቻችን። ግራና ቀኛችን ሌሎች ቤተሰቦች አሉ። ሁላችንም ግንባራችን ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፎብናል፤ እኛ ርካሾቹ የተሰለፍነው በጭቃው በኩል ነው። መኪኖቹ ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ በመካከላችን ይንሸራሸራሉ። ትልልቆቹማ ዞር ብለውም አላዩን።

እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዷ መኪና ትምረጠን። ውድነሽን ጉልበቷን ያማታል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስትመለስ ደረጃውን ግድግዳ ይዛ ነው የምትወጣው፤ ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች።

ኋላዋ ቁርጥ ያለ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና መጥታ ፊታችን ቆመች። ደላላችን ሽፈራው እጁን እያሻሸ ቀረበ።

«ንፁህ ቤተሰብ ነው! ልጆቹ ኦሪጅናል ናቸው፤ አባትየውም ሴት የነዳችው ነው!»

መኪናዋ በዝናብ መጥረጊያዋ አናቴን ጫር ጫር አደረገችኝ።

«ይሄ ቀለም ተቀብቷል።»

«ሽበቱን ሸፍኖ ነው» አለች ውድነሽ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ፍጆታውስ? በአንድ ሳህን ሽሮ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

«እሱስ ቆጣቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ሳይሞቅ አይነሳም» አለች ውድነሽ።

ልጆቼ ሳቁ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

«እስቲ ልሞክረው» አለችና መኪናዋ ጀርባዬ ላይ ወጣች። ወዲያው ዳገት ላይ ነበርን። አህዮች ነጭ ጓንት አጥልቀው ትራፊክ ያስተናብራሉ፤ ሰዎች ጭድ ተጭነው በየተራ ያልፋሉ። አንዷ አህያ ፊሽካ ነፍታ አስቆመችኝ።

«መንጃ ፈቃድ!»

መኪናዋ ከላዬ ሆና አሳየቻት። አህያዋ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ አዳመጠችና «ይሄማ ዳገት ላይ ያለከልካል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ከዚያ ተመልሰን ሜዳው ላይ ነን። መኪናዋ ውድነሽን ወደ ጎን ጠራቻት።

«ልጆቹን ወድጃቸዋለሁ፤ አንቺንም። እሱ ግን ብዙ አገልግሏል። በአዲስ ቀይሪውና ዛሬውኑ ቤታችሁ እገባለሁ።»

የውድነሽን ጉልበት አየሁት። እውነቴን ነው፣ ብትቀይረኝም አልቀየማትም ነበር።

«አልቀይረውም» አለች ውድነሽ። «ሌላውን ማን ያውቀዋል? የዚህን የቱ ጋ እንደሚንኳኳ በድምፁ እለየዋለሁ። ግድ የለም፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ወይ ውድዬ! እንባዬ መጣ። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ መሪ ጨበጥኩ።

ዐይኔን ገለጥኩ። ለሙከራ ይዘናት የወጣነው ሰማያዊ መኪና ሞተሯ ጠፍቶ መሃል መንገድ ላይ ተገትራ ነበር። ሽፈራው የሚገፋ ሰው ላምጣ ብሎ ሲሄድ ነው እኔ መሪው ላይ የተደፋሁት። ሰው አላገኘም መሰለኝ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ፣ እሱና ልጆቼ ተደርድረው ይገፋሉ። መሃላቸው ውድነሽ አለች፤ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ።

«ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ ሽፈራው። «አይዞዎት፣ ንፁህ መኪና ናት! ሴት የነዳቻት!»

«ሴት የገፋቻት በል!» አለች ውድነሽ።