ንፍሮ ይዘው የመጡ ጎብኚዎች

ደራሲ በሕይወት ሳለ መጽሐፌን አንብቡልኝ ብሎ ይለምናል፤ ሲሞት ጫማውን እናይለታለን። ይህን የምለው በምሬት አይደለም፤ ምሬት ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ከተማሪዎች ጋር የደራሲ ቤት ጎብኝታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ሰልፍ። ከሰልፉ በኋላ ገመድ። ከገመዱ ወዲያ አልጋ፣ መነጽር፣ የደረቀ ብዕር፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ የተወለወለ ጫማ። አስጎብኚው “ይህ ጫማቸው ነው” ይላል፤ ተማሪው “ጫማቸው” ብሎ ይጽፋል። ትምህርት ቤት ሲመለሱ “ምን ተማራችሁ?” ቢባሉ መልሱ አያስቸግርም።

ሰውዬው እግር ነበረው።

ዳባት ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ደራሲው ተወልዶ ያደገበት፣ በኋላም ክረምት ክረምት ከአዲስ አበባ እየመጣ የጻፈበት ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራው “አዎ አዎ፣ ታላቅ ሰው ነበሩ” ትሉኛላችሁ፣ ወሬውም እዚያ ላይ ያልቃል። ቤቱ የታናሽ እኅቱ የእመይቴ ጥሩወርቅ ነው። የመታሰቢያ ኮሚቴው ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ሙዚየም ሲያደርግ እሳቸውን ወደ ጓዳ ገፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን በተቀመጡበት ወንበር ላይም “መቀመጥ ክልክል ነው” የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ማንበብ ስለማይችሉ ይቀመጡበት ነበር። አስጎብኚው ጌጡ በመጣ ቁጥር “እመይቴ፣ ቅርስ ላይ ነዎት” ይላቸዋል።

አንድ ቀን ይኸው ጌጡ እኔ ያለሁበት ጎንደር ድረስ ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ ቶሎ ይድረሱልን! እመይቴ ቤቱን ቆልፈው ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው።”

ኮሚቴው ማኅተም እንጂ ቁልፍ የለውም። ቁልፉ እመይቴ መቀነት ላይ ነው። እኔ የተጠራሁት ቃል ያውቃል፣ ያባብላቸዋል ተብዬ ነው። ቃል የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚደክመው ግን የሚያውቅ የለም። በሚኒባስ ሄድኩ።

እመይቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

“ምነው እመይቴ፣ ማን አስቀየመዎት?”

“ማንም። ደከመኝ።”

እዚህ ላይ ተግባባን። ከዚያ ከምስሩ ቀና ሳይሉ ቀጠሉ። “ወንድሜ አዲስ አበባ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መርዶውን ያረዳኝ ሬዲዮ ነው፤ ሰው እንኳ አይደለም። ከዚያ አዳራሽ ወሰዱኝ። አንዱ ይናገራል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ሌላው ይነሳል፣ ደግሞ ያጨበጭባል። ጎረቤቱም ‘ለቅሶውን መንግሥት ይዞታል’ ብሎ ከአዳራሹ ወደየቤቱ ገባ። ለወንድሜ ጭብጨባ እንጂ ለቅሶ አልደረሰኝም። ይኸው ልጆች ይመጣሉ፣ ጫማውን አይተው ይሄዳሉ። ‘ያጥናሽ’ ያለኝ አንድ ሰው የለም።”

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። የእሳቸው ቅሬታ ከአሟሟቱም አለቃቀሱ ነበር። ቃል አዋቂው አብሬ ምስር ለቀምኩ።

“የዛሬዎቹ ጎብኚዎች የመጨረሻ ናቸው” አሉ።

የዛሬዎቹ ከሩቁ ገጠር ከአምባራስ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ቅጥቅጡ አውቶቡስ በር ላይ ሲቆም ከተማሪዎቹ በፊት የወረደው ንፍሮ ነው፤ የባቄላና የገብስ ንፍሮ፣ በጨርቅ እየተቋጠረ። ከዚያ ልጃገረዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። የደባርቅ ልጅ የሆነው መምህራቸው ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኛ መጣ።

“ወላጆችን ፈቃድ ስጠይቅ ‘የሞተ ደራሲ ቤት ልንጎበኝ ነው፣ እኅቱ አሉ’ አልኩ። የሰሙት ‘የሞተ’ የሚለውን ብቻ ነው! የሞተ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ንፍሮ ቀቀሉ። ‘ኧረ ጉብኝት ነው’ ብል፣ ‘እኅቲቱ ሐዘን ተቀምጣ ልጆቻችን ጫማ ሊያዩ? ነውር አታውቅም?’ ብለው ወረዱብኝ።”

ጌጡ ሰልፍ ለማስያዝ እጁን አነሳ። ማን አይቶት። ከፊት የነበረችው ረዘም ያለች ልጅ እመይቴ ፊት ሄዳ ጎንበስ አለች።

“እመይቴ፣ እግዜር ያጥናዎ። ሳንሰማ ቀርተን ነው።”

“መቼ ሰማችሁ ልጄ?”

“ትናንት፣ መምህር ሲነግሩን። መንገዱም ሩቅ ነው፤ አይቀየሙን።”

ደራሲው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ማንም አልሳቀም። የቀሩትም በየተራ “ነፍስ ይማር” እያሉ ግቢው ዳር ዳር መሬት ላይ ተቀመጡ። የምስሩ ሰፌድ ከእመይቴ ጭን ተንሸራቶ ወደቀ።

አለቀሱ። የአዳራሽ አይደለም፤ ደረት የሚመታበት፣ ሟች በስሙ የሚጠራበት ለቅሶ ነው። ልጃገረዶቹም አብረዋቸው አለቀሱ፤ የማያውቁትን ሰው ማልቀስ ከእናቶቻቸው የወረሱት ሙያ ነው። ሲበርድላቸው ንፍሮው ዞረ፣ እመይቴም ስለ ወንድማቸው ያወሩ ጀመር። በቅሎ ይፈራ ነበር። ንፍሮ ላይ ጨው ያበዛ ነበር። “ሲጽፍ ብቻውን ሲስቅ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። ምን እንዳሳቀው ግን ሳይነግረኝ ሞተ።”

ልጆቹ ሙዚየሙን ሳያዩ ተመለሱ። እመይቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኝተው ሲመጡ፣ ገመዱን ተሻግረው ቅርሱ ላይ ተቀመጡ። ጌጡ ወጥቶ የተበተነውን ምስር ይሰበስብ ጀመር።

“ደባርቅስ?” አልኳቸው።

“ደባርቅ የት ይሄዳል?”

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ችግሩ እኛ ዘንድ ጥሩ ነገር ሁሉ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው ተሰብስቦ ለቅሶውን መርሐ ግብር ውስጥ አስገባው፦ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቀጥሎ ጫማ፣ በመጨረሻ ፎቶግራፍ። በአዲሱ መርሐ ግብር የመጀመሪያው ጎብኚ ከደባርቅ የመጣ ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔም ተጋብዤ ነበር። ልጆቹ ተለማምደው መጥተዋል። የሚኒ ሚዲያው ተማሪ በድምፅ ማጉያ “እግዚአብሔር ያጥናዎት!” ሲል ከኋላ አንዱ ሊያጨበጭብ ቃጣው።

እመይቴ እጃቸውን አነሱ።

“ተዉ ልጆቼ። እኔ ወንድሜን አልቅሼ ጨርሻለሁ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እናንተ ቆጥራችኋል። እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። ምን ጽፎ ነው የሚስቀው? እስቲ አንዳችሁ ንገሩኝ።”

ተማሪዎቹ መምህራቸውን አዩ። መምህሩ ጌጡን አየ። ጌጡ እኔን አየኝ። እኔ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን በክብር ነው ያነበብኩት፤ በክብር የተነበበ ነገር አያስቅም። በክፍቱ በር ጫማውን አየሁ።



እመይቴ ተነስተው በሩን ቆለፉ። ቤቱ ተዘጋ እንዳትሉ፤ አልተዘጋም። አንብቦ የመጣ፣ ሳቁ የቱ ጋ እንዳለ የሚነግራቸው ሰው ይገባል። ጌጡ ጎብኚ ጠፋ እያለ ያማርራል። ባለፈው ሲደውልልኝ፣ ያቺ የአምባራስ ልጅ መጽሐፉን ከመምህሯ ለምና ወስዳለች አለኝ። ገና መግቢያው ላይ ናት አሉ። መግቢያውን የጻፈው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ አያስቅም። መቼ እንደምትጨርስ እንጃ፤ መንገዱም ሩቅ ነው።

እመይቴ ግን አይቸኩሉም። ለቅሶውስ ቢሆን ዘግይቶ ደርሷቸው የለ?