ለበቅሎዋ የተፈቀደው ዕረፍት

ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 1956 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመቱ ከተማ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተገኙት እነዚህ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ሸዋንግዛው፣ ሊቀ መንበር፤ የባልትና መምህርት ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ አባል፤ የሒሳብ መምህር አቶ ኩመራ፣ አባል፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ እኔ። ዝናቡም በጣራው ሁለት ቀዳዳ በኩል ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌለው አልተመዘገበም።

የስብሰባው ምክንያት ከበላይ የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «የሠራተኞች ደኅንነት በቅርብ እንዲጠበቅ፣ ውጤቱም እንዲገለጽ» ያዝዛል። እንዴት እንደሚጠበቅ አልተናገረም፤ ትልቅ ሐሳብ ዝርዝር አይወድምና። ዲሬክተሩም ጊዜ ሳያጠፉ የሠራተኞች ደኅንነት ጠባቂ ኮሚቴን አቋቋሙ። የስብሰባው ሰዓት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ወሰኑ፤ ይኸውም መምህራኑ ልብሳቸውን የሚያጥቡበት፣ ገበያ የሚወጡበት፣ ጥቂትም ጋደም የሚሉበት ሰዓት ነው። ሠራተኛው ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ለመመርመር ከዕረፍቱ የተሻለ ሰዓት ከወዴት ይገኛል?

አቶ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ቆሙ።

«ክቡራን አባላት! ሠራተኛ ማለት የመሥሪያ ቤት ምሰሶ ነው። ምሰሶው ካዘመመ ጣራው አይጸናም።»

ሁላችንም ወደ ጣራው ተመለከትን።

«አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ እየቀረበ ደኅንነቱን ይጠየቃል። የሰጠውም መልስ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት በቃለ ጉባኤ ይገባል።»

ሥራው በዚያው ተጀመረ። መምህራኑ አንድ በአንድ እየገቡ፣ እጅ እየነሡ፣ «እንደምን ነህ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አሉ። አንደኛው ወባ እያንቀጠቀጠው ስለ ነበር «ይመስገን» የምትለው ቃል በሦስት ተሰባብራ ወጣች፤ እኔ ግን ገጣጥሜ በትክክል ጻፍኋት። ዘበኛው ሰቦቃ ጥርሱን ታሞ ጉንጩን በነጠላ አስሮ ስለ ነበር መናገር አልቻለም። ራሱን ነቀነቀ፤ ደኅና ተብሎ ተመዘገበ።

የአገራችን ሰው ጨዋ ነው። ዛፍ የወደቀበት ሰው እንኳ እንደምን ነህ ሲሉት አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ የጠያቂውን ጤና፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹን ይጠይቃል፤ ጊዜ ከተረፈው ዛፉን ያነሣል። ኮሚቴው ሥራ ስለ በዛበት ዛፉ እስኪነሣ አይጠብቅም ነበር።

በመጨረሻ ተላላኪው ኢቲቻ ተጠራ። ኢቲቻ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው። በየሳምንቱ ከመቱ ተነሥቶ በዳሪሙ ላሉት ትምህርት ቤቶች ደብዳቤና የፈተና ወረቀት በእግሩ ያደርሳል። በዚያ ሰሞን ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጦ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር «ሁለት ሳምንት ሳትረግጠው ካልተቀመጥህ ይህን እግር ታጣዋለህ» ብሎታል። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማው ኮሚቴው ብቻ ነው፤ ኮሚቴ የሚሰማው በደንቡ የቀረበለትን ነውና።

ኢቲቻ ለአክብሮት ብሎ ምርኩዙን ከበር ውጭ ትቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ገባ።

«እንደምን ነህ ኢቲቻ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ጌታዬ። እርስዎስ? እመቤቴስ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው?»

«ሁላችንም ደኅና ነን። ጻፍ፤ ደኅና ነው።»

አቶ ኩመራ አላስቻላቸውም። «ኦቦ ኢቲቻ፣ ምናልባት አማርኛው ከብዶዎት እንደ ሆነ» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት፤ «አከም ጅርቱ?»

«ገለተ ዋቃ! ፈያ ዳ» አለ ኢቲቻ ፊቱ በርቶ።

«ምን አለ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ አለ» አሉ አቶ ኩመራ ተናደው።

«በሁለት ቋንቋ ደኅና ነው ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ በማርያም እግሩን እዩለት! እህል የተሞላ ስልቻ አክሏል እኮ!»

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ የተጠየቀው ሠራተኛው ነው። እግሩ አልተጠየቀም።»

«ጌታዬ» አለ ኢቲቻ ቀስ ብሎ፣ «ጥቂት ቀን ዕረፍት ቢሰጠኝ ብዬ...»

«ምን ሆነህ?»

«ኧረ ምንም አልሆንሁም። እግሬ ብቻ...»

«ምንም አልሆንሁም ብሏል፤ ጻፍ። አሁን ጥሩ ውጤት ላይ ስለ ደረስን ሥራችንን እናስፋ። በዳሪሙ ያሉት መምህራንም ይጠየቁ። ‹ደኅና ነህ ወይ?› የሚል ወረቀት ይዘጋጅና ሰኞ ጧት ይላክላቸው። ኢቲቻ ያደርሳል። ደኅና ነውና።»

ኢቲቻ እጅ ነሥቶ ወጣ። አቶ ኩመራ ተከትለውት ከደጅ ደረሱበት። በሩ ክፍት ስለ ነበር እንሰማቸዋለን።

«ምነው ኦቦ ኢቲቻ! ሰኞ ከሄዱ እግርዎ ሊቆረጥ ነው እኮ። ለምን አልተናገሩም?»

«እንዴት አድርጌ አቶ ኩመራ? ሰው ጤናህ እንዴት ነው ብሎ በሰላም ሲጠይቀኝ ሕመም ላሸክመው? ነውር አይደለም ወይ?»

የትምህርት ቤቱ በቅሎ ከጣራው ክፈፍ ሥር ታስራ ቆማለች። በቅሎዋ በመዝገብ የትምህርት ቤቱ ናት፤ የምትሠራው ግን ዲሬክተሩን ከቤታቸው እስከ ጽሕፈት ቤቱ ማመላለስ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ደወል ሲመታ ቢነሡ ተደውሎ ሳያበቃ ይደርሳሉ። ኢቲቻ በቅሎዋን አየት አድርጎ ተመልሶ ገባ።

«ጌታዬ፣ ስለ በቅሎዋ አንድ ቃል ነበረኝ።»

አቶ ሸዋንግዛው ቀና አሉ። «ምን ሆነች?»

ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሁለት ቃል ያልወጣው ሰው ምላሱ ተፈታ።

«ደኅና አይደለችም ጌታዬ። ግራ እግሯ እንደ እሳት ይነድባታል። ስትረግጠው እስከ ጉልበቷ ይወጋታል። ታቃስታለች፤ ግን ሰው እንዳይሰማት ነው። ዳሪሙ ሲባል ሆዷ ይባባል።»

«ዳሪሙ ሄዳ ታውቃለች እንዴ?»

«ስሙን ሰምታለች ጌታዬ። አቀበቱን፣ ጭቃውን እያሰበች እህል አይወርድላትም። እግሬን ካጣሁ ልጆቼን ማን ያበላልኛል ትላለች።»

«በቅሎ አትወልድም» አሉ የሒሳብ መምህሩ።

«እንዳው ቢኖሯት ማለቴ ነው።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ኮሚቴው በሙሉ ተነሥቶ ወጣና በበቅሎዋ ፊት ቆመ። ሊቀ መንበሩም በደንቡ መሠረት ጠየቋት።

«እንደምን ነሽ?»

በቅሎዋ ዝም አለች። ፈጣሪዋን አላመሰገነችም፤ የማንንም ቤተሰብ ጤና አልጠየቀችም። አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ ኋላ ጣለች።

«እውነትም ታማለች!» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን ነበረ፤ ደስታም ነበረ። ሠራተኛው ሁሉ ደኅና ነው ተብሎ ቢጻፍ ከበላይ «ታዲያ ኮሚቴው ምን ሠራ?» ማለታቸው አይቀርም ነበር። አሁን ግን ደኅና ያልሆነ አንድ ነፍስ ተገኘ። ውሳኔውም ወዲያው ተሰጠ፤ በቅሎዋ የዐሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ተፈቅዶላት፣ የዲሬክተሩ አጎት ወደሚኖሩበት ወደ ያዮ ሄዳ ለምለም ሣር እየበላች ታገግም።

«አስታማሚ ያስፈልጋታል» አሉ አቶ ኩመራ ወደ መሬት እያዩ።

«ልክ ነው። አስታማሚው ጤነኛ መሆን አለበት። ከሠራተኞቻችን መካከል ጤናው ከሁሉ የተመሰከረለት ማን ነው?»

ቃለ ጉባኤውን ገለጥሁ። በሁለት ቋንቋ ደኅና የተባለ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጧት ኢቲቻ በቅሎዋን እየሳበ፣ እያነከሰ ከከተማው ወጣ። አንድ የቡና መኪና ሹፌር ከሶር ድልድይ ማዶ እንዳገኛቸው ነገረን። እሱ እንደሚለው ታማሚዋ አስታማሚውን ተሸክማ ትሄድ ነበር። የዳሪሙ የጥያቄ ወረቀትም ወሳጅ ስላጣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀረ።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ተመለሱ። የኢቲቻ እግር እብጠቱ ጠፍቶ እንደ ሌላው እግሩ ሆኗል። በቅሎዋም ወፍራ ነበር። ኮሚቴው አንድ ሠራተኛ ታሞ በዕረፍት መዳኑን ለበላይ ገለጸ። ሠራተኛው ስንት እግር እንዳለው ስላልተጠየቀ አልተጻፈም። ከበላይም የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ዲሬክተሩ በሰልፍ ላይ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ።

«እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዶሮዬ ግን ሰባ አራት ልጅ በአንድ ክፍል እያስተማረች ጉሮሮዋ ተዘግቷል።»

«እኔም ደኅና ነኝ» አሉ አቶ ኩመራ። «ውሻዬን ነው እንጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ አለ ሲባል ራሱን ይፈልጠዋል።»

እኔ ብዕሬን ቀለም አስነክቼ የሊቀ መንበሩን ቁጣ ጠበቅሁ። አቶ ሸዋንግዛው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያም በዝግታ ተናገሩ።

«እኔ ደኅና ነኝ። ድመቴ ግን... ይህ ኮሚቴ ከተቋቋመ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ደግሞ ከበላይ ምን ይመጣ ይሆን እያለች ስትገላበጥ ታድራለች።»

ለድመቷ በሙሉ ድምፅ ዕረፍት ተፈቀደላት። ኮሚቴው ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰበም።