ለማይታይ ጉዳት የሚታይ ፋሻ

በናይሮቢ፣ ላቪንግተን ውስጥ፣ ሣሩ በየሳምንቱ በሚታጨድ ግቢ፣ የአንጎል ጉዳት ለደረሰባቸው ወገኖች ቀን ከሌት የሚደክም አንድ የተከበረ ማኅበር አለ። በምን ይደክማል የሚል ምቀኛ አይጠፋም። በስብሰባ ነው። ማኅበሩ ከብዙ ስብሰባ በኋላ በከተማው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና አሠሪዎች «ጉዳቱ በዓይን አይታይም» የተሰኘ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና አዘጋጀ። የደረሰባትን እንድትናገር ደግሞ ልዕልት የምትባል ወጣት ከካሳራኒ ሰፈር ተጠራች።

ልዕልት አምና ከቦዳ ቦዳ፣ ሰው ከሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት ላይ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ነበር። ሞት ማራት፤ አሠሪዋ ግን አልማሯትም። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው የምትሠራበት የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ባለቤት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ባለቻቸው ቁጥር ጭንቅላቷን በሐዘን እያዩ «ቆዪ እስኪ፣ በደንብ እረፊ» ይሏታል። ማረፉ ራሱ ሰልችቷታል። ብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲያወራባት ይደክማታል እንጂ፣ አንድ በአንድ ከነገሯት የሚያመልጣት ነገር የለም። በቦታዋ ሌላ ሰው ሊቀጠር ነው ሲባል ሰምታለች። ወይዘሮዋ ሥልጠናው ላይ እንደሚገኙ ስታውቅ ግብዣውን የተቀበለችውም፣ አንድ ጊዜ ቆሜ ስናገር ይስሙኝ ብላ ነው።

የማኅበሩ ሕዝብ ግንኙነት ብሩክታዊት፣ እዚያው ናይሮቢ ያደገች ቀልጣፋ ልጅ፣ በር ላይ ተቀበለቻት።

«ሰርቫይቨሯ፣ ከአደጋው የተረፈችው የታለች?»

«እኔ ነኝ።»

«ፖሌ! እግዜር ይማርሽ! ግን እኮ ምንም የሆንሽ አትመስዪም።»

«ጉዳቱ በዓይን አይታይም» አለች ልዕልት፣ የተሰቀለውን ባነር እያሳየቻት።

«ሳዋ፣ እሺ፣ ፎቶ ላይስ?»

ሊቃውንትን የሚያስጨንቀውን ይህን ጥያቄ የማኅበሩ ዳይሬክተር አቶ ፋኑኤል ባንድ አፍታ ፈቱት። ፋሻ አስመጡ።

«ማዕረግ ልጄ፣ ይቺን ግንባርሽ ላይ ጠቅለል እናድርጋት።»

«ስሜ ልዕልት ነው። ቁስሉም ከዳነ ቆየ።»

«ፋሻው ለቁስሉ ሳይሆን ለግንዛቤው ነው። ስትናገሪም ትንሽ ጎተት አድርጊው። እንዲህ ጥርት ካለ ተሳታፊው ግራ ይጋባል።»

«አሠሪዬ አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ታስሬ ካዩኝ አለቀልኝ!»

«መሥዋዕትነት ማለት ይኸው ነው» አሉ አቶ ፋኑኤል፣ የሷን መሥዋዕትነት በታላቅ ቆራጥነት ተቀብለው።

ፋሻው ከሌለ መድረክ የለም ተባለች። ልዕልት ግንባሯን ታሰረች።

አቶ ፋኑኤል ለአጭር የመክፈቻ ንግግር ወጡ። የድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ልዕልት ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። «ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ስም ሊረሳ ይችላል» አሉ። «የተናገረውን ሊደጋግም ይችላል። በትንሽ በትልቁ ሊቆጣ ይችላል። ሥራ መሥራት ግን ይችላል!» ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይጥማቸው አልቀረም፣ ውኃ ተጎንጭተው እንደገና ከመክፈቻው ጀመሩ። አንድ ስልክ ቢጮኽ ባለስልኩን ብቻ ሳይሆን የፊተኛውን ረድፍ በሙሉ ተቆጡ። ብሩክታዊት ሰዓት ብታሳያቸው እሷንም ተቆጡ። ምልክቶቹን ለሦስተኛ ጊዜ ዘርዝረው ሲያበቁ፣ የምሳው ሽታ አዳራሹን ሞልቶት ነበር።

«አሁን እኅታችን ሐሊና ባጭሩ ትናገራለች፤ ጊዜ የለንም።»

ልዕልት መድረኩ ላይ ወጥታ ፋሻውን ፈታችው።

«ኧረ ፎቶው!» አለች ብሩክታዊት።

«ስሜ ልዕልት ነው» አለች ልዕልት፣ ምንም ሳትጎትት። «ባንድ ላይ አትጩኹብኝ እንጂ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ጨርሻለሁ።»

ተሳታፊው ግራ ተጋባ፤ ከዚያም ወደ ምሳ ተጋፋ። ልዕልት ማንም ያልሰማት መሰላት። ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ክንዷን ይዘው ጥግ ወሰዷት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልዕልትዬ፣ ለካ እውነትም አይታይም!»

«አይታይም፣ እትዬ ዓለም።»

«ምስኪን! እሳቸውንስ ምን አግኝቷቸው ነው? መኪና ነው?»

«ማንን?»

«አቶ ፋኑኤልን ነዋ! ስም ሲረሱ፣ ያንኑ ሲደጋግሙ፣ ያለ ነገር ሲቆጡ… ምልክቱን አንድ ሳያስቀሩ በራሳቸው አሳዩን እኮ። እንደዚያ ሆነው መሥሪያ ቤት ይመራሉ! እኔ አንቺን፣ ሁለት ቃል ተናግረሽ የምትወርጂውን፣ ቤት አስቀምጬ… አፈርኩ። ሰኞ ሥራ ግቢ።»

ልዕልት አፏን ከፈተች። የእሳቸውስ ተፈጥሯቸው ነው ልትል ነበር፤ ሰኞን አሰበችና ተወችው።

«የሰው የጤና ምስጢር አይወራም፣ እትዬ» አለች።

«እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ በአክብሮት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አቶ ፋኑኤል ሳህን ይዘው ሲያልፉ ወይዘሮዋ ተሽቀዳድመው ሳህኑን ተቀበሏቸው፤ ወንበር ስበውም ቀስ አድርገው አስቀመጧቸው። ዳይሬክተሩ ክብሩ ደስ አላቸው።

«ሥልጠናው እንዴት ነበር?» አሉ ወደ ልዕልት ዞረው።

«እርስዎን አይተው ነው የገባቸው።»

«እኔ ሁልጊዜም የምለው ነው፤ በተግባር ማስተማርን የመሰለ የለም» አሉ አቶ ፋኑኤል። አንድ ጉርሻ ጎርሰውም ደገሙት።